አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ፦ የደም ካንሰር መድኃኒት ከሰው ሰው ለምን ይለያያል?

በአንድ የካንሰር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሕሙማንን እናስብ። የሁለቱም ካርድ ላይ «ሉኪሚያ» ተብሎ ተጽፏል፤ የደም ካንሰር ማለት ነው። አንዱ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሌላው ግን ለወራት የሚቆይ ኬሞቴራፒ ይጀመርለታል፤ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ደም የሚለግስ ሰው ይፈለግለታል። የሁለተኛው ቤተሰብ ይጠይቃል፦ «ያ ኪኒን ለእኛ ልጅ ለምን አይሰጠውም? ገንዘብ ስለሌለን ነው? ሰው ስለሌለን ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ የሚገባበት ቦታም አለ፤ ወደ እሱ እንመጣለን። የልዩነቱ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ሰዎች የታመሙት አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። «የደም ካንሰር» የሚለው ስም ለብዙ በሽታዎች የተሰጠ የጋራ ስም ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየውም በታመመው ሴል ውስጥ የተፈጠረው የዘረመል ለውጥ ነው።

ደም የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ያመላልሳል፣ ነጭ የደም ሴል ከተሕዋስያን ይከላከላል፣ ፕላትሌት ደግሞ ስንቆስል ደሙ እንዲረጋ ያደርጋል። እያንዳንዱ ሴል መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ እንደሚበስል፣ መቼ እንደሚሞት የሚያዝዘው መመሪያ በውስጡ አለ። መመሪያው በ46 ክሮሞዞሞች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሴሉ በተባዛ ቁጥር ይህ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ስህተት ሊገባበት ይችላል። ስህተቱ ሚውቴሽን ይባላል። አብዛኛው ስህተት ጉዳት የለውም፣ ወይም ሴሉ ራሱ ይሞትና ነገሩ ያበቃል። ስህተቱ «ተባዛ» ወይም «ብሰል» የሚለው ትዕዛዝ ላይ ከወደቀ ግን አንድ ሴል ያለ ልክ ይራባል፤ መቅኔውን ይሞላል፣ ጤነኛውን ደም ቦታ ያሳጣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ። ይህ ለውጥ በአብዛኛው ሰውየው ከተወለደ በኋላ በመቅኔው ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከአባት ከእናት የወረሰው፣ ለልጆቹ የሚያወርሰው አይደለም። በመብላት፣ በመጠጣት፣ አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። «በቤታቸው የደም ካንሰር አለ» ተብሎ የልጆች ኒካሕ የሚጓተትበት ጊዜ አለ፤ «ዘረመል» የሚለው ቃል «ዘር» የሚል ስላለበት ስጋቱን ሳያባብሰው አልቀረም። በዘር የሚሄዱ ጥቂት ዓይነቶች ቢኖሩም ብርቅ ናቸው።

ስለ ዘረመልና ስለ መድኃኒት መገጣጠም በደንብ የሚያስረዳው ታሪክ ሥር የሰደደው የማይሎይድ ሉኪሚያ ታሪክ ነው፤ ሐኪሞች በአጭሩ ሲ.ኤም.ኤል. ይሉታል። በአገራችን ብዙ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ጣፊያቸው አብጦ፣ በግራ ጎናቸው ከጎድናቸው በታች እንደ ድንጋይ ሲከብዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ የእነዚህን ሕሙማን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከሚገባው በላይ ያጠረ አንድ ክሮሞዞም አዩ። «የፊላደልፊያ ክሮሞዞም» ተባለ። ለምን እንዳጠረ ግን አላወቁም። መልሱን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናት። የክሮሞዞሞችን ፎቶ በመቀስ እየቆራረጠች በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትደረድር ነበር፤ ልጆቿ በወረቀት አሻንጉሊት የምትጫወት መስሏቸው ይቀልዱባት ነበር ይባላል። ያየችው ይህ ነው፦ የ22ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ተቆርጦ 9ኛው ላይ፣ የ9ኛው ጫፍ ደግሞ 22ኛው ላይ ተለጥፏል።

ሁለት ኪታቦች ወደ ጠራዥ ሄዱ እንበል። ጠራዡ ተሳስቶ የአንዱን የመጨረሻ ገጾች ከሌላው ጋር ሰፋቸው። አሁን በመጋጠሚያው ላይ በሁለቱም ኪታብ ውስጥ ያልነበረ አዲስ ዓረፍተ ነገር ተፈጥሯል፤ ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ። በሕሙማኑ ሴል ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። መጋጠሚያው ላይ ቢ.ሲ.አር-ኤ.ቢ.ኤል. የሚባል አዲስ ዘረመል ተፈጠረ፤ ከእሱም በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሌለ ፕሮቲን ይሠራል። ይህ ፕሮቲን «ተባዛ» የሚለውን ማብሪያ አንዴ አብርቶ አያጠፋውም።

ታዲያ ይህን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚያቆም ነገር ቢገኝስ? ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዛን ሴል ሁሉ ይመታል፤ የፀጉር ሥርም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም በፍጥነት ስለሚባዙ አብረው ይጎዳሉ። ኒኮላስ ላይደን የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪና የባልደረቦቹ ቡድን በስዊዘርላንድ፣ ሐኪሙ ብራያን ድሩከር ደግሞ በአሜሪካ ኦሪገን፣ በፕሮቲኑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንደ ቁልፍ የሚቀረቀር ውሑድ ላይ ሠሩ። መድኃኒቱ ኢማቲኒብ ነው፤ በገበያ ስሙ ግሊቬክ ተባለ። በሰው ላይ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የቀደመው ሕክምና ካልሠራላቸው ሕሙማን መካከል በቀን 300 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ የወሰዱት 54 ነበሩ፤ የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤነኛው ልክ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ውጤት በካንሰር ሕክምና ታሪክ እጅግ ብርቅ ነው። በ2001 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። መድኃኒቱን እንደታወቀባቸው የጀመሩ ሕሙማን ከአሥር ዓመት በላይ ክትትል ተደርጎላቸው፣ በአሥረኛው ዓመት በሕይወት የመገኘት ዕድላቸው 83 በመቶ ገደማ እንደሆነ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚገድል ነበር።

ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ግሊቬክ ሲወጣ ዋጋው ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ የማይደረስ ነበር። ኩባንያው ኖቫርቲስ ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለ ግብረ ሠናይ ድርጅት ጋር ሆኖ መክፈል ለማይችሉ አገሮች ሕሙማን በነፃ የሚሰጥበት ፕሮግራም ከፈተ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ በኩል ሲያገኙት ቆይተዋል። በሌላ በኩል የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ለግሊቬክ የጠየቀውን የባለቤትነት መብት ውድቅ አደረገ። የሕንድ አምራቾች ተመሳሳዩን መድኃኒት ከግሊቬክ በእጅጉ በረከሰ ዋጋ ማምረታቸውን ቀጠሉ። ለድሃ አገር ሕመምተኛ ያ ፍርድ ከብዙ የላብራቶሪ ግኝቶች ያላነሰ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እንግዲህ ያ ኪኒን ለጎረቤት አልጋው ልጅ ለምን እንዳልተሰጠ ግልጽ ሆነ። የእሱ ሴል ያንን የተጣበቀ ዘረመል ካልያዘ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ዝም ብሎ ቢውጠው የሚያተርፈው የጎንዮሽ ጉዳት ብቻ ነው፤ ያም በሚባክነው ጊዜ ላይ ተጨምሮ።

ሠርቶ የቆየ መድኃኒት መሥራት የሚያቆምበት ጊዜም አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኪኒን መዝለል ነው፤ አንዳንዴ ግን ካንሰሩ ራሱ ዳግም ይለወጣል። ከሚታወቁት አንዱ ቲ315አይ ይባላል። ስሙ የሚያስፈራ ቢመስልም ትርጉሙ ቀላል ነው፤ በፕሮቲኑ 315ኛ ቦታ ላይ የነበረው ስሪዮኒን የተባለ ጡብ ወጥቶ አይሶሉሲን የተባለ ሌላ ጡብ ገብቷል። በዚህች አንዲት ጡብ የተነሳ ኢማቲኒብ ወደ ጉድጓዱ መግባት ያቅተዋል። ቀጥለው የመጡት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም እዚያው ይገታሉ፤ ፖናቲኒብና አሲሚኒብ ግን ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ መውረድ ሲያቆም «መድኃኒቱ ይጨመርልኝ» ከማለት በፊት የሚጠየቀው «አዲስ ለውጥ ተፈጥሮ እንደሆነ ይመርመርልኝ» ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አጣዳፊ የፕሮማይሎሳይት ሉኪሚያ የሚባል ዓይነት አለ። በእሱ የተጣበቁት 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞሞች ናቸው። የደም ሴሉ አንድ ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ አልፎ መብሰል ያቅተዋል፤ አንድ ክፍል እየደገመ እንደሚቀር ተማሪ፣ ከኋላው ያሉትም እየመጡ ክፍሉ ይጨናነቃል። በሻንጋይ ዋንግ ዠንዪ የተባሉ ሐኪም ሴሉን ከመግደል ይልቅ እንዲበስል የሚያደርግ፣ ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ መድኃኒት በ1980ዎቹ ሞከሩ፤ አትራ ይባላል። በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 24 ሕሙማን ታከሙ፣ የ24ቱም በሽታ ከደማቸው ጠፋ። በሰሜን ቻይናዋ ሃርቢን ደግሞ እነ ዣንግ ቲንግዶንግ መርዝ በመባል የሚታወቀውን አርሴኒክ ለዚሁ በሽታ ሲሞክሩ ቆይተው ነበር። በ2013 የወጣ ጥናት ሁለቱን በማጣመር ብቻ፣ ያለ ኬሞቴራፒ፣ ከባድ አደጋ ከሌለባቸው ሕሙማን 97 በመቶው ሁለት ዓመት ያለ አገርሽቶ እንደቆዩ አሳየ። አርሴኒኩ የተጣራ፣ በሚሊግራም የተለካ፣ በደም ሥር የሚሰጥና የልብ ምት እየታየ የሚወሰድ መሆኑ ይሰመርበት። ባህላዊ መድኃኒት አዋቂ ቀምሞ የሚሰጠው ዱቄት ሌላ ነገር ነው፤ ይገድላል።

ይህ በሽታ ከታለፈ በኋላ ከሉኪሚያዎች ሁሉ የተሻለ የመዳን ዕድል ካላቸው አንዱ ነው። የሚገድለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚፈጠር የደም መፍሰስ ነው። ለዚህም ሐኪሞች ጥርጣሬ ካደረባቸው የዘረመል ውጤቱን ሳይጠብቁ አትራውን ይጀምራሉ። ስለ ዋግምት (ሒጃማ) መናገር ያለብኝም እዚህ ላይ ነው። በድንገት ድካም የበረታበት፣ ድዱ ወይም አፍንጫው የሚደማ፣ ሳይመታ ቆዳው ላይ ሰማያዊ ወይም ቀይ ነጠብጣብ የወጣበት ሰው «ደሙ ተበላሽቷል፣ ይቀዳ» ተብሎ ቆዳው ሊሰነጠቅ አይገባም። ፕላትሌቱ ወርዶ ከሆነ ደሙ አይቆምም፤ ነጭ የደም ሴሉም ሥራውን ስለማይሠራ ቁስሉ ያመረቅዛል። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው የሙሉ ደም ምርመራ ነው፤ በአብዛኛው ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የሚሠራ፣ ብዙ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ዋግምትን የሚያደርጉ ወንድሞችና እህቶችም እነዚህን ምልክቶች ሲያዩ ሰውየውን ወደ ሐኪም መላክ አማና አለባቸው።

ከላይ ያሉት ሁለቱ የስኬት ታሪኮች ናቸው። ሁሉም ሉኪሚያ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ እዚህ ባለቀ። በአዋቂዎች ላይ የሚከሰተው ሌላው አጣዳፊ የማይሎይድ ሉኪሚያ ግን አንድ ሳይሆን ብዙ ለውጦች ተደራርበው የሚያመጡት ነው፤ የአንዱን በር ሲዘጉበት በሌላው ይወጣል። ከሕሙማኑ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ኤፍ.ኤል.ቲ.3 የሚባል ዘረመል ተለውጦ ይገኛል። ለእነዚህ ሚዶስቶሪን የተባለ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ሲጨመር፣ ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከ44 በመቶ ወደ 51 በመቶ ከፍ አሉ። ሰባት በመቶ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ግሊቬክ አይደለም። አይ.ዲ.ኤች. የተባሉት ዘረመሎች ለተለወጡባቸው ኤናሲዴኒብና አይቮሲዴኒብ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኬ.ኤም.ቲ.2.ኤ ለተሰበረባቸው ሬቭሜኒብ በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይረዝማል።

ችግሩ ጊዜ ነው። አጣዳፊ ሉኪሚያ ሲታወቅ ሕክምናው በማግስቱ መጀመር አለበት ይባል ነበር፤ የዘረመል ምርመራ ደግሞ ሳምንታት ይፈልግ ነበር። ይህን ለመፈተሽ በአሜሪካ ቢት ኤ.ኤም.ኤል. የተባለ ጥናት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሕሙማን መዝግቦ ውጤታቸውን በሰባት ቀን ውስጥ ለማድረስ ተነሳ። በ2020 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ከ395 ሰዎች ለ374ቱ በሰባት ቀን ውስጥ ደረሰላቸው። ከለውጣቸው ጋር የተገጣጠመውን ሕክምና የመረጡት ግማሾቹ 12.8 ወርና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ የተለመደውን ሕክምና ከመረጡት ግን ግማሾቹ 3.9 ወር አልሞላቸውም። ይህን ቁጥር ስናነብ ጥንቃቄ ያሻል። ሕሙማኑ በዕጣ አልተከፈሉም፤ ራሳቸው ናቸው የመረጡት። ጠንከር ያሉት አዲሱን መርጠው ከሆነ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ብቻ የመጣ አይደለም። ከጥናቱ በእርግጠኝነት የምንወስደው ነገር ግን አለ፦ ሐኪሙ በቂ ነው ካለ ጥቂት ቀን ታግሶ ውጤት መጠበቅ የሚቻልባቸው ሕሙማን አሉ። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ የቀደመው ታሪክ እንዳሳየን መጠበቅ የሚገድልበትም አለና።

በልጆች ላይ የሚበዛው አጣዳፊ የሊምፍ ሉኪሚያ በአመዛኙ አሁንም በኬሞቴራፒ ነው የሚታከመው፤ ብዙ ልጆችም ይድኑበታል። የዘረመል ምርመራው እዚያም ይጠቅማል፤ የፊላደልፊያ ክሮሞዞም የተገኘበት ልጅ ወይም አዋቂ ኢማቲኒብ ወይም ዳሳቲኒብ ይጨመርለታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በመስጂዶቻችንና በማኅበራዊ ሚዲያ «ወንድማችን የደም ካንሰር ይዞታል፣ ወደ ውጭ ሄዶ እንዲታከም እንርዳው» የሚል ጥሪ ስንሰማ ልባችን ይነካል፤ እንሰጣለንም። ጥሪውን የሚያስተባብሩ ሰዎች ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ወረቀት ቢጠይቁ መልካም ነው፦ የትኛው ሉኪሚያ ነው? የትኛው ለውጥ ተመርምሮ ተገኘ? ሲ.ኤም.ኤል. ከሆነ መድኃኒቱ እዚሁ ሊኖር ይችላል። የጎደለው ምርመራው ብቻ ከሆነም የደም ወይም የመቅኔ ናሙና ወደሚሠራበት ላብራቶሪ መላክ ሕመምተኛውንና አስታማሚውን አሳፍሮ ከመላክ በጣም ይቀልላል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለ መሣሪያ ቢ.ሲ.አር-ኤ.ቢ.ኤልን የሚለካ ካርትሪጅም አለው። ማሽኑ በብዙ ሆስፒታሎች ተቀምጧል፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ካርትሪጁ ነው። ለሰደቃና ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ቦታ ለሚፈልግ ባለሀብት ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል።

የመጨረሻው ጉዳይ ኪኒኑን መውሰድ ነው። ለንደን ውስጥ ኢማቲኒብ የሚወስዱ 87 ሰዎች በጠርሙሳቸው ክዳን ላይ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚመዘግብ ቺፕ ተደርጎላቸው ነበር። ከታዘዘላቸው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት 94.5 በመቶ በሚሆን ዕድል ጥልቅ ወደሆነ ውጤት ሲደርሱ፣ ከዚያ በታች የወሰዱት ግን 28.4 በመቶ ብቻ ነበር ዕድላቸው። አሥር በመቶ ማለት በወር ሦስት ቀን መዝለል ነው። «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም፣ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ ረስቶ መቅረት፣ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ሲጓዙ በቂ ሳይዙ መነሳት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል።

ረመዳንም እንዲሁ። ኢማቲኒብ በብዛት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጋር የሚወሰድ ነው። ሁኔታው የተረጋጋ ሕመምተኛ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከኢፍጣር ምግቡ ጋር ሊያደርገው ይችል ይሆናል። ኒሎቲኒብ ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ12 ሰዓት ልዩነት፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ስለሆነ ከጾም ሰዓት ጋር ይጋጫል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ግልጽ ነው። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ሩኽሷ ሰጥቷል፤ ሲሻለው ቀዷእ ያወጣል፣ የመዳን ተስፋ በሌለው በሽታ የማይችል ከሆነ ፊድያ ይከፍላል። መድኃኒቱን ዘሎ መጾም ከሩኽሷው መሸሽ ነው፤ ከላይ ያየነው ቁጥርም ዋጋውን ይናገራል። ጥቁር አዝሙድና ማር በምግብ መጠን የሚወስዱ ሰዎች ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ በዘይት ወይም በካፕሱል መልክ በብዛት የሚወሰድ ማንኛውም ዕፅ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ሊለውጥ ይችላል። ግሬፕፍሩት ከኢማቲኒብ ጋር አይወሰድም።

ኢማቲኒብ የምትወስድ እህት ከማግባቷ ወይም ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ መድኃኒቱ በጽንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ማለት እናትነት ቀረ ማለት አይደለም። ለዓመታት ኪኒናቸውን ሳያዛንፉ ወስደው በሽታው በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደላቸው ሰዎች በሐኪም ውሳኔና በየወሩ በሚደረግ የደም ምርመራ መድኃኒቱን የሚያቆሙበት መንገድ አለ። ከሚያቆሙት ግማሽ በሚሆኑት ላይ በሽታው አይመለስም፤ የተመለሰባቸውም አብዛኞቹ ኪኒኑን መልሰው ሲጀምሩ ወደ ነበሩበት ይደርሳሉ። ለዚህ ዕቅድ የሚያስፈልገው ከጋብቻው ዓመታት በፊት መነጋገር መጀመር ነው።